የጓሮዋ ክፍል ልኬት

መስከረም 12

ይድረስ ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእመት ጽዩፍ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሱቅሽ፣ ማሽኖችሽ፣ ያቺ ደንበኛ በወጣ ቁጥር መስታወቱን የምትወለውዪባት ጨርቅሽ ሳትቀር፣ ሁላችሁም በሰላም ቆዩኝ። እኔ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ክፉ አልነካኝም። እናትሽ እታለም እንዴት ናት? ዓይኗስ? ጉልበቷን ሳሚልኝ።

እመት ጽዩፍ ስልሽ እንዳትቆጪ። እናትሽ አዝላሽ እኛ ቤት ሥራ ትመጣ በነበረ ጊዜ፣ ገና አፍሽን ሳትፈቺ፣ ዝንብ ያረፈበትን ዳቦ አልነካም ብለሽ ስታለቅሺ ያየሁ ሰው ነኝ። ስሙን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝና የመጥራትም መብት አለኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ታላቅ እህቴ፣ ትልቋ፣ ሳትነግርሽ አትቀርም፤ በጥር መጨረሻ ቤተሰቡ ካለበት ተጠራርቶ እናንተ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ሊሰበሰብ ነው። ልጆቹ በየሰው አገር ያደጉ ናቸው። አባባ የሠራውን፣ እኛ ያደግንበትን ቤት ያየው ከመካከላቸው አንድም የለ። ቤቱ ከተሸጠ ስንት ዘመኑ፤ ፎቶ ቢገኝም የሰው ጭንቅላት የሸፈነው ነው። ስለዚህ በወረቀት ልሠራላቸው አሰብኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ፎቅ ስነድፍ ኖሬ የራሳችንን ቤት አንድ ቀን እንኳ አለመንደፌ ቆጨኝ።

ፕላኑን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ድፍኑ መስመር በመቀስ የሚቆረጥ ነው፤ ነጠብጣቡ የሚታጠፍ ነው፤ ከየግድግዳው ጫፍ የወጡት ጆሮዎች ሙጫ ይቀባሉ። መስኮቶቹን አደራ፤ ሁሉም ተቆርጠው ይወጣሉ። ብርሃን የማያስገባ ቤት፣ የወረቀትም ቢሆን፣ ደስ አይለኝም።

የሳልኩት አንድ ለሃምሳ ነው። ካንቺ የምፈልገው በሁለት ስኬል እንድታትሚልኝ ነው፦ ለአዳራሹ መካከል አንድ ትልቅ፣ አንድ ለሃያ፤ ለልጆቹ ደግሞ አርባ ትንንሽ፣ አንድ ለመቶ። ትልቁን አንቺው ገጣጥመሽ አቁሚው። ትንንሾቹን ልጆቹ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይሠሯቸዋል።

ልኩን ከየት አመጣኸው ትይኝ ይሆናል። ከአገር ልወጣ ሰሞን ቤቱን ክፍል በክፍል በእርምጃ ለክቼ በጭንቅላቴ ይዤው ኖሬያለሁ። አንድ እርምጃዬ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው፤ እዚህም ደግሜ አረጋግጬዋለሁ። በየግድግዳው ላይ የእርምጃውን ቁጥር ጽፌልሻለሁ፤ ብትጠራጠሪ በዚያ አስሊው።

እጅሽ ይባረክ። ቀለምሽ አይድረቅ።

ወንድምሽ


መስከረም 30

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህን ሙቅ ውኃ አስነካው። እናቴ «ኮሳሳዬ ወረቀት ጻፈ?» ብላ የመረቀችህን ሁሉ ልጽፈው ብል ቀለሜ ያልቃል፤ ባጭሩ እንቅፋት አይምታህ፣ ክፉ አይይህ ብላለች። ዓይኗን ጠይቀኸኛል። አንዱ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ሁለተኛው ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ሰው አይለይም። ቀኑን ሱቄ ጥግ ተቀምጣ ትውላለች፤ እኔን በድምፄ፣ ደንበኞቼን በሳላቸው ታውቃቸዋለች።

ፕላንህ የደረሰኝ ደንበኞቼ ባንገሸገሹኝ ቀን ነው። አንዱ የተጠበሰ ነገር ሲበላበት በነበረ እጁ የልጁን ሰርተፊኬት አምጥቶ ማሽኔ መስታወት ላይ በመዳፉ ለጠፈልኝ። ሌላው አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ወረቀት ይቆጥራል፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ለኔ ያቀብለኛል። ኧረ ተው ስለው «ምራቅ ምን ይላል፣ ንጹሕ ነው» ይለኛል! ንጹሕ ነው አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። በዚህ ከተማ ምራቅ ያልነካው ሰነድ አለ ቢሉኝ አላምንም።

እንግዲህ እጄን ታጥቤ ወደ ፕላንህ ገባሁ። መጀመሪያ ያተምኩት ተበላሸ። ማሽኑ ሳልጠይቀው ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ላስማማ ብሎ ከመቶው ሦስት ቀንሶብኛል። ፕላንህ ጥግ ላይ መለኪያ መስመር ባታሰምር ኖሮ አርባውንም አትሜ ነበር፤ ማስመሪያ ባስቀምጥበት ጎደለብኝ። እሱን አስተካክዬ ትልቁን ሁለት መቶ ሃምሳ ከመቶ፣ ትንሹን ሃምሳ ከመቶ አደረግሁት። ደሞ የትንሹ ቤት የበረንዳ ምሰሶ ስንጥቁ ውስጥ አልገባ አለ። ለካ ቤቱን በግማሽ ብናሳንሰው የወረቀቱ ውፍረት እንዳለ ነው! ወፍራሙን ወረቀት ጥዬ በስስ ደገምኩት። የሙጫው ሽታ ራሴን አዙሮኝ ውጭ ቁጭ ብዬ ነበር የማጥፈው።

ይሄ ሁሉ ምንም አይደል። ጋሼ፣ ትልቁን ገጣጥሜ ገጣጥሜ የቀረችኝ የጓሮዋ ክፍል ነበረች፤ ለብቻዋ ወረቀት ላይ የሳልካት፣ እናቴ እናንተ ቤት በኖረችበት ዘመን የተኛችባት። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ላጣብቃት ብል ግድግዳዋ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ይረዝማል። ገፋ ባደርጋት አጥሩን ጥሳ ጎረቤት ግቢ ገባች። ከአባትህና ከእናትህ መኝታ ቤት ትሰፋለች፤ ከሳሎኑ ልትስተካከል ምንም አልቀራት። ሠላሳ ዓመት ፎቅ የነደፈ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይስላል? ማሽኔን ጠረጠርኩ፣ ዓይኔን ጠረጠርኩ፣ ይቅርታ አድርግልኝና መጠጥ ጀምረህም እንደሆነ ጠረጠርኩ። ጽፈህ የሰጠኸኝን እርምጃ ባሰላው ያው ነው፦ አምስት በአራት።

እናቴ ስለዚህ ሳጉረመርም ሰምታ «ቤቱ ነው? እስቲ ሲያልቅ በጣቴ ልየው» አለችኝ። «ትልቅ አርጊው፤ ጣቴ እንዲገባ። ክፍሌን ራሴ ፈልጌ ነው የማገኛት፣ እንዳትነግሪኝ።» እንደ ልጅ ቃል ታስገባኛለች። እኔም እሺ ብያለሁ። ስለዚህ ልኩን በትክክል ላክልኝ፤ ካልሆነም ቤቱ ድረስ ሄጄ እለካለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 18

ይድረስ ለእህቴ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ድካምሽ አመሰግናለሁ።

ቤቱ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የሰው ንብረት ነው፣ ደስ አይልም። ከትልቋ ጋር ተነጋግረን ዋናው ቤት ይበቃል ብለናል። የጓሮዋ ክፍል በአንድ ለመቶ ስኬል ከጣት ጥፍር አትበልጥም፤ ልጆች ሊያጥፏት ቢሞክሩ ይበላሻሉ፣ ይሰላቻሉ። ከቤቱ ጋር በአንድ ጊዜ የተሠራች አይደለችም፣ ኋላ የተቀጠለች ናት፤ በንድፍ ሥራ እንዲህ ያለውን መተው የተለመደ ነው። ሦስተኛውን ወረቀት፣ እሷ የተሳለችበትን፣ ተይው፤ የወጥ ቤቱን የኋላ ግድግዳ ደፍኝው።

እግረ መንገድሽን፣ ትንንሾቹ በአንድ ወረቀት እንዲያልቁ ትልቋ ትፈልጋለች፤ አንድ ለመቶው ካልበቃ አንድ ለመቶ ሃያ አድርጊው። የወረቀቱን ወጪ እሷ ትልካለች።

ወንድምሽ


ጥቅምት 29

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሌላ ሰላምታ ፈልጌ አጣሁ፤ ያለፈው ደብዳቤህ ላይ እናቴን እንዴት ናት ማለት ረስተሃልና እኔም ብዙ ነገር ብረሳ ቅር አይበልህ።

ያልከኝን አደረግሁ። ሥራ ነው፣ ደንበኛም ነህ አልኩና ሦስተኛውን ወረቀት ተውኩት። የወጥ ቤቱን የኋላ ግድግዳ ደፈንኩት። ትልቁን ቤት ቆንጆ አድርጌ አቆምኩና እናቴ ፊት አስቀመጥኩላት። ምንም አልነገርኳትም፣ እንዳትነግሪኝ ብላለችና።

ከበሩ ጀመረች። ጣቷ በረንዳውን ወጣ፣ ሳሎኑን በመስኮቱ ገብቶ ዳበሰ፣ የእናትህን መኝታ ቤት ዳር ዳሩን አለፈ። «እዚህ ጋ ምንጣፍ ነበር፣ ጫማ ሳታወልቂ አትረግጪም» አለችኝ። ወጥ ቤቱ ጋ ስትደርስ ፊቷ በራ። ዞረች። ጣቷ ለስላሳው ግድግዳ ላይ ተንሸራቶ ሌላው ጥግ ደረሰ፤ ተመልሳ መጣች፤ ደግሞ ሄደች። ሙጫው እስኪላቀቅ ድረስ አሸችው። መጨረሻ ላይ እጇን ጭኗ ላይ ሰበሰበችና «ታዲያ እኔ የት ነበርኩ?» አለች።

ምን ልበላት? ንገረኝ እስቲ፣ የተማርከው አንተ ነህ። በንድፍ ሥራ የተለመደ ነው ልበላት? ከጣት ጥፍር አትበልጪም ነበር ልበላት?

በማግስቱ ተነስቼ ቤታችሁ ሄድኩ። የጥርስ ክሊኒክ ሆኗል። ሳሎናችሁ የሕመምተኛ መጠበቂያ ነው፤ ሰው ሁሉ ጉንጩን ይዞ ወለሉን ያያል። በር ላይ ያለችው ልጅ «ቀጠሮ አለሽ?» አለችኝ። የለኝም፣ ግድግዳ ልለካ ነው አልኳት። «የትኛው ጥርስሽ ነው?» አለችኝ ደግማ። ጥርስ የሚሠራው ሰውዬ ሰምቶ እየሳቀ ወጣና እሱ ነው ያስገባኝ።

ሜትር ይዤ ነበር። ሳሎኑ፣ ልክ አንተ እንዳልከው። መኝታ ቤቶቹ፣ ልክ። የዶሮ ቤቱ መሠረት እንኳ አለ፤ እሱም ልክ። እጅህ እንዴት እንደሚገርም እያደነቅሁ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ሰውዬው ቆልፎባት ነበር፤ ከፈተና መብራት አበራልኝ። ጋሼ፣ የሰው መንጋጋ ማስቀመጫ አድርገዋታል። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ከጄሶ የተቀዳ የሰው ሁሉ ድድ፣ የተጣመመ ጥርስ፣ የጎደለ ጥርስ፣ ባለቤቱ ሞቶም ይሁን ተሽሎት ማንም የማይጠይቀው። ታፍኖ የቆየ የእርጥብ ጄሶ ሽታ ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ። በመሐረብ አፌን ይዤ ለካሁ። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ከስድሳ።

«እዚህ ሰው ይኖር ነበር?» አለኝ ሰውዬው። እናቴ፣ አልኩት። «ውይ!» አለ። አንድ እንግዳ ሰው፣ ጥርስ ነቃይ፣ ከናንተ ሁሉ ይልቅ አፈረልኝ።

ወደ ሱቄ ተመልሼ አሰላሁት። አምስት እርምጃ ብለህ ሁለት ሜትር የሚሆነው፣ እርምጃዋ አርባ ሳንቲ ሜትር ስትሆን ነው። አርባ ሳንቲ ሜትር የሚራመደው ማነው? የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ይሄኔ ገባኝ። ልትሄድ ሰሞን ሳሎኑን ተራምደህ ለካህ፣ የዶሮ ቤቱን ሳይቀር ለካህ፤ የጓሮዋን ክፍል ግን አልገባህባትም። እናቴ ያኔም ለሥራ ስትመጣ እዚያች ክፍል ትውል ነበር! ለስንብት እንኳ ደፏን አልረገጥክም። ቁጥሩን ያመጣኸው ልጅ ሆነህ ከቆጠርከው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ወረቀትህ ይዞህ ቀረ።

ልጅ ሆነህ ለምን እዚያ እንደነበርክም እናቴን ጠይቄ ነገረችኝ፤ ትልቋም ታውቃለች፣ አንተም ታውቃለህ፣ እኔ ብቻ ነበርኩ ያልሰማሁት። ሰውነትህን እከክ ወርሶህ፣ ቁስልህ መግል ቋጥሮ፣ እናትህ አንሶላህን በእንጨት እያነሳች ታስጥል ነበር። ትልቋ ባንተ ብርጭቆ ውኃ አልጠጣም አለች። ወደ ጓሮ ሰደዱህ። እናቴ ክረምቱን ሙሉ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ አቅፋህ ተኛች፤ በእጇ አጠበችህ፣ በእጇ ቅባት ቀባችህ፣ እሷንም ያዛት። ሲሻልህ ወሰዱህ። እሷን ግን ማንም አላከማትም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር።

እኔን ጽዩፍ ትለኛለህ። እውነት ነው፣ ዝንብ ያረፈበት አልበላም፣ ምራቅ የነካው አልይዝም። እኔ የምጠየፈው ቆሻሻ ነው፤ እናንተ የምትጠየፉት ሰው ነው። ዝምድናችን እንኳ ስትፈልጉ የሚቀርብ፣ ሳትፈልጉ የሚርቅ ነው፤ እናቴ የአባትህ የአጎት ልጅ መሆኗ ትዝ የሚላችሁ የሚታጠብ ልብስ ሲከመር ነበር።

በአንድ ለመቶ አትታጠፍም ያልከውን በቅንድብ መንቀያ አጠፍኳት። ይኸው ውስጥ ጣል አድርጌልሃለሁ። እንዳታስነጥስባት።

እህትህ


ኅዳር 21

ይድረስ ለጋሼ፣

ዝምታህ በሰላም ደርሶኛል። እኛም ደህና ነን።

ትልቋ ስልክ ደውላ «ምን ሆነሽ ነው፣ ሥራውን ለሌላ ማተሚያ ቤት እንስጠው እንዴ?» ብላኛለች። ስጡት አልኳት። የፕላኑ ኦሪጅናል ግን እኔ ሱቅ ነው ያለው፤ መሳቢያው ቁልፍ ደግሞ አንገቴ ላይ።

እህትህ


ታኅሣሥ 8

ይድረስ ለእህቴ፣

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ። የጉልበቴ ሕመም ጠንቶብኝ ከቤት አልወጣሁም ነበር። እዚህ ቀኑ አጥሯል፤ ጠዋትም መብራት ይበራል። የጎረቤቴ ውሻ ሞተበት፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ከደረጃው ላይ አልተነሳም። ሰው ለውሻ እንዲህ ያዝናል።

እንግዲህ ስለ ስብሰባው። ትልቋ እንደወሰነችው ይሁን ብዬ ነበር፣ አሁንም ከሷ ጋር መጣላት አልፈልግም። በዚህ ዕድሜዬ የቀረችኝ አንድ እህት ናት። እታለም ብትመጣ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል፤ ወንበሩ ግን በቁጥር ነው ትላለች። እኔ ራሴ በዚህ ጉልበት መምጣቴን እንጃ። ትንንሾቹን ባልኩሽ መጠን ብታደርሺልን ሁላችንም እናመሰግናለን።

የላክሻትን ትንሿን ክፍል አግኝቻለሁ። ፖስታው ሲከፈት ወድቃ ምንጣፉ ውስጥ ጠፍታብኝ ነበር፤ ተንበርክኬ አገኘኋት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትለኪ ሳታዪ አልቀረሽም። መስኮቷ ከበሩ በስተቀኝ ነው ወይስ በስተግራ? እኔ በስተቀኝ አድርጌ ነው የሳልኩት፤ በስተግራ ከሆነ ስህተት ነው። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

እታለምን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለጋሼ፣

ምሕረቱን ይላክልህ። ይሄን የምልህ ከልቤ ነው፤ የቀረውንም ከልቤ ነው የምልህ።

ወንበር በቁጥር ነው አልከኝ። አንብቤ ሳበቃ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። የሰው ደብዳቤ አንብቤ እጄን ስታጠብ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ትመጣለች። ወንበር ከሱቄ ተሸክሜ እመጣለሁ፤ አንድ እግሩ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበር ነው፣ ትልቋ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ።

አሁን ያልጠበቅሁትን ነገር ልንገርህ። ያቺን አለቅጥ የሰፋች ክፍልህን አልጣልኳትም ነበር፤ መደርደሪያ ላይ መቀስና ሙጫ አስቀምጥባታለሁ። ባለፈው ሰኞ እናቴ መሐረቧን ስትፈልግ እጇ አገኛት። መቀሱን አወጣች፣ ሙጫውን አወጣች፣ ዳበሰቻት።

«ይቺ ምንድናት?»

«ያንቺ ክፍል ናት፤ ተሳስቶ የሳላት።»

«ትሰፋለች።» ጣቷን ከጥግ እስከ ጥግ አስኬደች። «ማን ሳላት?»

«ኮሳሳሽ ነዋ!»

ሳቀች። እኔ እዚህ በንዴት ደሜ ይፈላል፣ እሷ ጥርስ በሌለው አፏ ትስቃለች። «እሱማ ትንሽ ነበር» አለችኝ። «ለሱ እንዲህ ትሰፋው ነበር። ውጭ እንዳይወጣ ስለከለከሉት ከግድግዳ ግድግዳ አስቆጥረው ነበር፣ እንዳይሰለቸው። አምስት! አራት! እያለ ይጮሃል። እውነቱን ነው የሳለው፣ አትቆጪው።»

አልቆጣም አላልኳትም። ያላየኸውን አልሳልክም፣ ያየኸውን ነው የሳልከው፤ ይሄን ተረድቼልሃለሁ። ሁለተኛ ሳትገባባት መቅረትህን ግን አልተረዳሁልህም። እናቴ ይቅር ባይ ናት፤ እኔ እሷ አይደለሁም።

ስለ መስኮቱ ጠይቀኸኛል። መስኮት የላትም። በስተቀኝም በስተግራም። ቀድሞ ተከፍቶ ኋላ የተደፈነ ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ ተመልሼ ሄጄ መደርደሪያዎቹን አስነስቼ ግድግዳውን በእጄ አንኳኳሁ። ድፍን ነው። እናቴን ጠየቅኋት። «ውይ፣ ያ ልጅ!» አለች። «መተኛት እምቢ ሲለኝ፣ መስኮት የለም ብሎ ሲያለቅስብኝ፣ አባቱ የጣለውን ነጭ ወረቀት አራት ማዕዘን ቆርጬ በሊጥ ለጠፍኩለት። ጠዋት ጠዋት ውጭ ያየሁትን በከሰል እስልበታለሁ። ዶሮ፣ ዛፍ፣ አንድ ቀን ደሞ ዝናብ። ዝናቡን ወዶት አታጥፊው አለኝ።» ትተኛለህ፣ ትነሳለህ፣ ያን ታያለህ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ብርሃን የገባ መስሎህ ኖረሃል።

እንግዲህ ሥራው አልቋል። ትልቁን በትክክለኛው ልኬት ደግሜ ሠራሁት። እናቴ ከበሩ ጀምራ ዞረች፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። አውራ ጣቷን ባንዱ ግድግዳ፣ መሐል ጣቷን በሌላው አስነካች፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ። «አዎ» አለች፤ «እጄን ስዘረጋ እንዲህ ሁለቱንም እነካቸው ነበር። ይቺ ናት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቷን ከዚያ አላነሳችም፤ ወረቀቱ በላብ ስለለሰለሰ ሌላ ማተም ሊኖርብኝ ነው።

አርባዎቹም ታትመዋል፣ አንድ ለመቶ። ለትልቋ ንገራት፣ በአንድ ወረቀት ላይ አልቀዋል። የጓሮዋን ክፍል ለብቻዋ አላደረግኋትም። ከወጥ ቤቱ የኋላ ግድግዳ ጋር አንድ ወረቀት ሆና ትታጠፋለች፤ ጣሪያውንም የያዘው የሷ ጆሮ ነው። ለልጆቹ ቅንድብ መንቀያ እሰጣቸዋለሁ። ማንም ሊያስቀራት መቀስ ቢያነሳ ቤቱ አይቆምም፤ ሞክሬዋለሁ፣ ሳሎኑ ላይ ይደፋል።

ላንተ በዚህ ፖስታ ያቺን የሰፋችውን ክፍል ልኬልሃለሁ፣ በራስህ እርምጃ፣ በራስህ ስህተት፣ በወፍራም ወረቀት አትሜ። እናቴ አንድ ትንሽ ነጭ ወረቀት አብራ አድርጊለት አለችኝ፤ በእርሳስ የጫረችበት እሷ ናት፣ ዓይኗ አያይምና መስመሩ ከጠርዙ ወጥቷል፣ ግን ዝናብ ነው። ስትገጣጥም ፕላንህ ላይ ያለውን ድፍን መስመር አትመነው። መስኮቱ አይቆረጥም፤ ይለጠፋል።

እህትህ